ቦርድ የተቀመጠለት ወገብ

ካዛንቺስ ውስጥ ከአምኃ ጋር መንገድ ላይ መገናኘት ጊዜ ለተረፈው ሰው እንጂ ለችኩል አይሆንም። ሰላምታው ከራስ ይጀምራል፤ ወደ ባለቤት ይሻገራል፤ ልጆቹን በየስማቸው ያዳርሳል፤ ከዚያ ክፍለ ሀገር ያሉት ዘመዶች ጋ ይወርድና ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ጥያቄ ጎንበስ ይላል። እሱ ጎንበስ ሲል ሰላምተኛውም ሳይወድ ጎንበስ ይላል፤ ቀጥ ብሎ መቆም ያሳፍራላ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስፋልት ዳር እንዲህ ሲጎነበሱና ሲቃኑ ያየ አንድ ፈረንጅ፣ ስፖርት የሚሠሩ መስሎት ፎቶ አንስቷቸው ሄዷል ይባላል።

ይህን የምታወራው ከውሰር ናት። ከውሰር በእነ አምኃ ግቢ በር ላይ ሱቅ አላት። ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ ጎረቤት ሁሉ በየአቅጣጫው ሲበተን ያ ግቢ እስካሁን ተራው ስላልደረሰው፣ የቀረው የሰፈር ወሬ በሙሉ እሷ ባንኮኒ ላይ ነው የሚራገፈው። ኦሎምፒያ ጋ አንድ ሌባ አምኃ ኪስ ውስጥ እጁ ሲያዝበት፣ አምኃ መጀመሪያ «እንደምን ዋልክ ወንድሜ» ማለቱን የምትናገረውም እሷ ናት። ሌባው ደንግጦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ስለ እናቱ ጤና ሲጠየቅ ግን አልቻለም፤ ስልኩን መልሶ ሮጠ። ከውሰር ስታወራ ትንሽ ትጨምራለች፤ ከባዶ ግን አትነሳም።

አምኃ ሹፌር ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ጠዋት ከየሰፈሩ ለቅሞ፣ ማታ በየደጃቸው የሚበትን ሰርቪስ ይነዳ ነበር። መሪ ላይ ሆኖም ሰላምታውን አልተወም፤ የሚሰድበውን ሹፌር ሁሉ እጁን አንስቶ ያመሰግን ነበር። አንዳንዱ ተሳዳቢ የተሳሳተ ሰው የሰደበ መስሎት ይቅርታ ይጠይቀዋል።

አንድ ቀን ባምቢስ ጋ ጎማ ፈነዳ። ወንዶቹ ተሳፋሪዎች እንርዳህ ብለው ወረዱ፤ እሱ ግን ልብሳችሁ ይቆሽሻል፣ ቢሮ ገቢ ናችሁ ብሎ መልሶ አሳፈራቸው። ክሪኩን ብቻውን ደገነ፤ ስኮርታውን፣ ያን የሰው ክብደት ያለውን ትርፍ ጎማ፣ ብቻውን አቅፎ አነሳ። ያኔ ወገቡ ቀጭ አለ። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ሴትዮ ድምፁን ስትሰማ ክሪኩ የተሰበረ ነበር የመሰላት። ምን ሆንክ ሲሉት ምንም አልሆንኩም፣ ይመስገነው አለ። ጎማውን ቀየረ፣ ሁሉንም ቢሮ አደረሰ፣ እየወረዱ ሲሄዱ አንድ በአንድ መልካም ቀን ተመኘላቸው። ከዚያ እሱ መውረድ አቃተው። ዘበኞቹ ሲያወጡት እንደተቀመጠ ነው የወጣው፤ ከመኪናው የቀረ ወንበሩ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት ተወሰደ። ኤምአርአይ ተነሳ፤ የወገብ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል ተባለ። መድኃኒቱም፣ መርፌውም፣ ኋላም ሚስቱ የሻረግ ይዛው የሄደችበት ወጌሻ ወገቡን ትንሽ አስታገሱለት፤ ቀኝ እግሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ መሆኑን ረሳ። ደነዘዘ። ሲራመድ ጫማው ይወልቅበትና ሰው ነው የሚነግረው።

እንዲያም ሆኖ እረፍቱ ሲያልቅ ወደ ሥራ ተመለሰ። ኦሎምፒያ ጋ ሲደርስ ከፊቱ ያለው መኪና ቆመ፤ አምኃ ፍሬን ያዘ። የያዘ መሰለው እንጂ እግሩ ፍሬኑ ላይ ይሁን ወለሉ ላይ አላወቀም። ጎንበስ ብሎ አየ፤ እግሩ የለም፣ ወዲያ ጎን ተኝቷል። እጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጎተተና ከፊተኛው መኪና ኋላ በአንድ ስንዝር ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ያው የመንገዱ ነገር ነው ብለው ስልካቸውን ቀጠሉ። አምኃ ስለ መንገጫገጩ ይቅርታ ጠየቀ። ማታ ለየሻረግ ብቻ ነገራት። በማግስቱ ወገቤ ብሎ ቀረ።

መሥሪያ ቤቱ መቼም ሰው ሳይሠራ አይከፍልም። ወይ ንዳ ወይ በቦርድ ውጣ አለው። በቦርድ መውጣት ማለት ሐኪሞች ተሰብስበው ሰውዬውን ያዩታል፤ በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት መሥራት አይችልም ካሉ የጉዳት ጡረታው ይከበርለታል። ይችላል ካሉ የመኪናው ቁልፍ በማግስቱ እጁ ላይ ነው። እምቢ ያለ እንደሆነ ሥራውን በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል። ስለዚህ የአምኃ ነገር እንዲህ ሆነ፦ ወይ በማይሰማ እግር ሰው ጭኖ ይነዳል፣ ወይ እሱና የሻረግ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፣ ወይ ደግሞ ቦርዱ ያምነዋል። ቦርዱን ማሳመን ደግሞ ምን ቸገረ? ሕመሙ እውነት ነው፣ ፊልሙ አለ፣ ምስክሩ ብዙ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አምኃ አሞኛል ማለት አይችልም።

በቀጠሮው ቀን ነጭ ሸሚዝ ለበሰ፣ ጸጉሩን ተስተካከለ፣ ጫማውን አስጠረገ። የሻረግ አብሬህ ልሂድ ብትለው ሚስቱን አስከትሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ አስቀራት። ስህተቱ ከዚህ ይጀምራል። ሰው ቦርድ ፊት የሚቀርበው ተጎሳቁሎ ነው፤ እሱ ልጅ ሊያጭ ለሽምግልና የተላከ መስሎ ገባ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። አንዱ ዓይኑን ከስልኩ አያነሳም። ሌላዋ ወጣቷ ዶክተር ሲምረት ናት፤ ፈጣን፣ ሰው ሳይጨርስ የምትጽፍ። እንዴት ነዎት አቶ አምኃ አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ሥራው መቼም ያደክማችኋል።»

ዶክተሯ ጻፈች። ወገብዎትስ አለችው። ይመስገነው፣ ከእኔ የባሰ ስንት አለ አላት። እሱንም ጻፈች። ሌሊት ይተኛሉ ወይ ብትለው እንቅልፍማ የእግዜር ስጦታ ነው ብሎ መለሰ። አልዋሸም፤ ስጦታው ለእሱ እንዳልደረሰው ግን አልተናገረም።

ይሄኔ የቦርዱ ሰብሳቢ ዶክተር ዲሪባ ገቡ። ሽበታም፣ ግዙፍ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው። ሽበት ሲገባ ተቀምጦ መቅረት አምኃ አያውቅበትም። ብድግ ብሎ ኖር አለ፤ ግንባሩ ጠረጴዛ ሊነካ እስኪደርስ አጎነበሰ። እሳቸውም የጨዋ ልጅ ናቸውና በእግዜር፣ በእግዜር እያሉ ትከሻውን ይዘው ሊያስቀምጡት ታገሉ። እሱ ሳይቀመጡ አልቀመጥም አለ። በመጨረሻ የብረቱን ወንበር ራሱ ስቦ አስቀመጣቸው።

ከዚያ በኋላ የሚመረመር ነገር ምን ቀረ። ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት፤ ዲስኩ መንሸራተቱን አልካዱም። ግን ዶክተር ዲሪባ በለሆሳስ እንዳስረዱት፣ እንዲህ ያለ ፊልም እያላቸው እሁድ እሁድ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ቦርድ የሚፈልገው የፊልሙን መልክ ሳይሆን ሰውዬው ምን እንዳቃተው ነው። ይህ ሰውዬ ደግሞ ሦስት ሐኪም እያየው ታጥፎ ተዘርግቷል። ሌላ ቀጠሮ ሰጡት፤ ያኔም አዲስ ነገር ካልታየ ወደ ሥራው እንደሚመለስ ነገሩት። አመስግኖ ወጣ። ታክሲ ውስጥ ወንበሩን ለአንዲት እርጉዝ ለቀቀ። ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ እንደ አልጋ ልብስ ታጥፎ ወደቀ፤ ሳምንቱን በሙሉ በጀርባው ተኝቶ የሻረግ በማንኪያ ስታጎርሰው ሰነበተች።

የሻረግ ቦርዱ የጻፈውን ለከውሰር አነበበችላት። ታማሚው በጣም ደህና መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል ይላል።

«አየሽልኝ? ለዶክተሩ የሰገደበትን ወገብ እኔ ነኝ የማሸው» አለች የሻረግ።

ወሬው ግቢውን ሳይዞር ደጋጋ ደረሰ። ደጋጋ የአምኃ እኩያ ነው፤ ከዓመታት በፊት በእግሩ ምክንያት በቦርድ ወጥቷል። የትኛው እግሩ እንደሆነ ሰፈሩ እስካሁን አልተስማማም። አንዳንዴ በቀኙ ያነክሳል፣ አንዳንዴ በግራው፤ በዓል በዓል ሁለቱንም ያሳርፋቸዋል። እሱ እንደሚለው ሕመም ሌላ፣ ታማሚነት ሌላ ነው። ሕመም ከላይ ይመጣል፤ ታማሚነት ግን ሙያ ነው፣ ይማሩታል። መጀመሪያ የራሴን ራጅ ላውስህ አለው። ያ ራጅ ስንቱን ያገለገለ ራጅ ነው፤ ከፈረሰው መንደር ስንት ሰው በደጋጋ አጥንት እረፍት ወስዷል። አምኃ ግን የራሴ አለኝ፣ ደግሞ የሰው አጥንት ይዤ አልቀርብም አለ። ደጋጋም እሺ፣ ራጁ ይቅርብህ፣ ትምህርቱን ግን ትወስዳለህ አለው። ጺምህን አትላጭ፣ አሮጌ ኮት ልበስ፣ ለማንም እንዳትነሳ። የትም ቢነኩህ ውይ በል።

ልምምዱ በከውሰር ሱቅ ተጀመረ። ከውሰር የባሏን ነጭ ጀለቢያ እንደ ጋዋን ደርባ ከለስላሳ ሳጥኖቹ ኋላ ተቀመጠች። መነጽር አምጡልኝ ብላ የፀሐይ መነጽር ነው የተገኘው። እንዴት ነዎት አቶ አምኃ ስትለው «እግዚአብሔር ይ» ብሎ ሳይጨርስ የሻረግ ክንዱን ትመዘልገዋለች። ደግመው ያስገቡታል፤ ደግሞ ይመዘለጋል። ሱቅ የመጣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ትቶ ተመልካች ሆነ። አምኃ በመጨረሻ ቅር አለው። ሰው እንዴት ነህ ሲልህ አሞኛል ማለት እኮ ልብስን አውልቆ እንደ መቆም ነው አለ። ደግሞስ እስትንፋስ የሰጠኝን ሳላመሰግን ለሐኪም እንዴት ስሞታ አቀርባለሁ?

ከውሰር የፀሐይ መነጽሯን አወለቀች።

«ጋሽዬ፣ እኛም እኮ አልሐምዱሊላህ እንላለን። ግን እዚያ ላይ አናቆምም። አልሐምዱሊላህ፣ ብቻ ጉልበቴ እንላለን። ብቻ የምትለዋን ይያዟት። ምስጋናው ለላይኛው ይደርሳል፤ ከብቻ ወዲያ ያለው ለሐኪሙ ነው።»

አምኃ ይቺን ወደዳት። ደጋጋ ግን አጣጣላት፤ «ብቻ» ደካማ ናት፣ ቦርድ ፊት «ውይ» ነው የሚያዋጣው አለ። ክርክሩ ሲከር ለሰላምታው «አለሁ» በሚለው ተስማሙ፤ አለሁ ማለት ውሸት የለበትም፣ ደህንነትም የለበትም። ለምርመራው ግን የደጋጋ ውይ ጸደቀች። የሻረግ እየዞረች ጣቷን ታሳርፍበታለች፤ እሱ ውይ ይላል። በቀጠሮው ዋዜማ ድመቷ እግሩ ላይ ስታልፍ እንኳ ውይ ማለት ችሎ ነበር፤ ያውም በዓይኑ ስላያት ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ የሻረግ አብራ ሄደች። አምኃ ጺሙ አድጎ፣ በደጋጋ አሮጌ ኮት ውስጥ ጠፍቶ፣ ወረፋ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠ። የሻረግ የኮቱን ጫፍ ከመቀመጫው ጋር አጣብቃ ይዛለች። አንዲት አሮጊት መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። አምኃ ኮቱን ቢስብ የሻረግ ትይዛለች፤ ቢስብ ትይዛለች። አሮጊቷ በስተመጨረሻ ሌላ ወንበር አገኙ፤ እሱ ግን ላብ በላብ ሆኗል። ሳይነሳ መቅረቱ ከወገቡ ይልቅ አሞታል።

ተጠሩ። ሦስቱም ሐኪሞች ነበሩ። ዶክተር ሲምረት እንዴት ነዎት አለች። አምኃ መሬት መሬት እያየ አለሁ አለ። ባለፈው በጣም ደህና ነበሩ አለችው። ወደ ምርመራው ገባች። ወገቡን ነካችው፤ ውይ። ልክ ነው ያማል። ትከሻውን ነካችው፤ ውይ። ክርኑን፤ ውይ። በአንድ ጣቷ ጸጉሩን ብቻ ጫን አደረገችው፤ ውይ። ያ ስልክ አፍቃሪው ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አስቀምጦ ተጠጋ። ዶክተሯ ማስታወሻ ልትይዝ ዞር ብላ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶዋ መታ ስታደርግ፣ አምኃ ከልምምዱ ብዛት ውይ አለ።

የሻረግ ግድግዳው ላይ ያለውን የአጽም ሥዕል ታጠና ጀመር።

ሐኪሞቹ ተያዩ። ባለፈው ጤነኛ፣ ዛሬ ደግሞ ተዋናይ። እንዲህ ያለውን ስንት አይተዋል። ዶክተር ዲሪባ ግን ያ ሲገቡ ብድግ ያለላቸውን ሰው እንዲህ ሆኖ ሲያዩት ከመናደድ ይልቅ አዘኑ። እንደ ታላቅ ወንድም ሊመክሩት የብረቱን ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡና ፊቱ ደልደል ብለው ተቀመጡ። ምክሩ ረጅም ነበር። ሰው ያስጠናዎት ነገር እንዳለ ገብቶናል አሉት። የሐሰት ሕመም ይዞ የሚመጣ ሰው የእውነተኛውን በሽተኛ ተራ እንደሚወስድ፣ በዚህ ዕድሜ ይህ እንደማያምር፣ እሳቸውም ወገባቸውን እየታመሙ እንደሚሠሩ ነገሩት። አምኃ በሐፍረት አንገቱን ደፍቶ አዎ ዶክተር፣ ልክ ነው ዶክተር ይላል። መሬት ቢከፈት ይገባ ነበር።

ምክሩ ከግማሽ ሲያልፍ የዶክተር ሲምረት ዓይን ወደ ታች ወረደና እዚያው ቀረ። የወንበሩ የፊት እግር ያረፈው አምኃ ቀኝ ጫማ ላይ ነው። ከላይ ያ ሁሉ ዶክተር ዲሪባ ተቀምጠውበታል። ጫማው ተደፍጥጦ እንደ ቂጣ ሆኗል። አምኃ ግን ልክ ነው ዶክተር እያለ ነው።

«ዶክተር፣ ወንበሩን ያንሱት እስቲ። የሰውዬውን እግር ረግጠውታል።»

ዶክተር ዲሪባ እንደ ወጣት ዘለው ተነሱ። እንዴት አይነግሩኝም ብለው ጮኹ። አምኃ ሰው በማስደንገጡ አፍሮ ሊያረጋጋቸው ተጣደፈ።

«ኧረ ምንም አይደል ዶክተር፣ ይቀመጡ። እግሬ እዚያ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

ይቺ ቃል ነገሩን ሁሉ ልትገለብጠው ነበር፤ የሻረግ በንዴት ጣልቃ ባትገባ። እሱ ቢያውቅም አይናገርም፣ ቢቆርጡትም ምንም አይደል ነው የሚለው አለች። አምኃም የማይዋሽ ሰው ነውና፣ ልክ ናት፣ ቢሰማኝም ዝም እል ነበር፣ ትልቅ ሰው እየመከረኝ አቋርጬ እግሬ እላለሁ እንዴ ብሎ አረጋገጠ። ባለ ስልኩ ሐኪም ይኼው አለ፤ መደንዘዝ ይሁን ጨዋነት በምን እንለያለን?

ዶክተር ሲምረት አሰበች። ከዚያ ወንበሩን አንስታ የወንበሩን የፊት እግር ቀስ አድርጋ አምኃ ግራ ጫማ ላይ አሳረፈችና ዶክተር ዲሪባን ይቀመጡ አለቻቸው። እሳቸው እንቁላል ላይ እንደሚቀመጥ ሰው እየፈሩ ወረዱ።

«ምንም አይደል ዶክተር፣ ይደላደሉ» አለ አምኃ።

አፉ ያንኑ ነው ያለው። ዓይኑ ግን እንባ ሞላ፤ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ሄዱ፤ እጁ መጨበጫ ፍለጋ ሄዶ የየሻረግን ጉልበት አገኘና አንቆ ያዘው። ውይ አለች የሻረግ። በዚያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማው ያልተጠና ውይ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምርመራው ምርመራ ሆነ። ጫማና ካልሲው ወለቀ። የቀኙ ባት ከግራው ቀጥኖ ተገኘ፤ ደጋጋ ስለ ባት ምንም አላስተማረም፣ አምኃም ባቱን ማቅጠን አይችልም። በመዶሻዋ ጉልበቱን ቁርጭምጭሚቱን መታ መታ አደረገችው፤ ግራው ይዘላል፣ የቀኙ ቁርጭምጭሚት ዝም። ጣሪያ ጣሪያውን ይዩና መርፌው ሲነካዎት ይንገሩኝ ስትለው ግን ችግር ተፈጠረ። አምኃ ዶክተሯ ደክማ እንዳታፍር ብሎ፣ ሳትነካውም አዎ፣ አዎ ይል ጀመር። ስታርቀው አዎ፣ ስትወጋው ዝም፣ መርፌውን አስቀምጣ እጇን ስትታጠብ አዎ። ባለ ስልኩ ሐኪም አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዶክተር ሲምረት ብዕሯን አስቀመጠችና እንደ አዲስ ጠየቀችው። አሁን እንዴት ነዎት?

አምኃ የሻረግን አየ፣ ዶክተር ዲሪባን አየ። ይህን ለማንም ሐኪም ነግሮ አያውቅም።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብቻ...» ብሎ ቀኝ እግሩን አየ። «ብቻ እግሬ ፍሬኑ ላይ መሆኑን የማውቀው ጎንበስ ብዬ ሳየው ነው። ጎንበስ ካልኩ ደግሞ መንገዱን አላይም። አንዴ ኦሎምፒያ ጋ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ኋላዬ እኮ ሰው አለ። የሰው ልጅ ጭኜ ነው።»

ዶክተር ዲሪባ ይህን ለምን ባለፈው አልነገሩንም አሉት። አልጠየቃችሁኝም አላለም። «እንዴት ነዎት» ነዋ ያላችሁኝ አለ።

ውሳኔው ወጥቷል ኑና ውሰዱ ተብለው ሲሄዱ፣ ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ ወረቀቱን እየማተመች እንኳን ደስ አለዎት አለቻቸው። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ሳቢያ ቋሚ የመሥራት ችሎታ ማጣት፤ የጉዳት ጡረታው እንዲከበርለት ተወስኗል። የሻረግ ኮሪደሩ ላይ እልል አለች። ከወዲያኛው በር ዘበኛ መጥቶ፣ እናቴ፣ እዚያ ጋ የባሰ የተነገረው ሰው አለ፣ ቀስ ብለው ይደሰቱ አላት። ደረጃው ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ደግማ አየችው። ቋሚ ማለት ምንድን ነው አለችው። ታውቃለች፤ ግን ጠየቀች። አምኃ ያው ቋሚ ነዋ አላት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይቺን ወረቀት ለማግኘት ወራት ሙሉ ስትታገል፣ ወረቀቷ ምን እንደምትል አላሰበችም ነበር። አምኃ እንደዚያ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ስላልቻለ ቆሞ አባበላት።

ማታ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ከተበተኑትም ከሩቅ የመጡ ነበሩ። ግን ሰዉ ለምን እንደመጣ አላወቀም። ግማሹ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ድፎ ዳቦ ተሸክሟል። ግማሹ ሴቶች ደግሞ ሰውዬው እግሩ ላይመለስ ሄደ መባሉን ሰምተው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እግዜር ያጽናችሁ ብለው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ዳቦ ያመጡት ጥግ ጥጉን ሲያዩ ዳቦውን ደበቁ። ጥግ የያዙት ዳቦውን ሲያዩ አለቃቀሳቸውን ገቱ። ደጋጋ መሐል ቆሞ ነገሩ ድል ነው፣ የእኔ ውይ ናት ያሸነፈች፣ ሌላም የሚማር ካለ በሬ ክፍት ነው ይላል፤ በዚያን ዕለት በግራው ነበር የሚያነክሰው። ከውሰር ግን ክርክሩን ቆረጠችው። ባለጉዳዩ እያለ እኛ ምን አከራከረን ብላ ወደ አምኃ ዞረች። እንኳን ደስ አለዎት እንበል ወይስ እግዜር ያጽናዎት?

አምኃ ትራስ ተደግፎ ጋደም ብሏል። ጠዋት ያን ሰርቪስ ሌላ ልጅ ይዞት በግቢው ደጃፍ ሲያልፍ አይቶታል፤ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፣ እንደ ደንቡ። ያቺ ከፊት ወንበር የምትቀመጠው ሴትዮም ዛሬም እዚያው ነበረች፤ በመስኮት እጇን አንስታለታለች።

«ለተሳፋሪዎቹ እንኳን ደስ አላቸው በሉልኝ» አለ። «ለእኔ ምን እንደሚባል ገና አላወቅሁም።»

ከውሰር እሺ፣ እስኪያውቁት ዳቦው ይደርቃል አለችና ቢላዋ ጠየቀች። ጥግ ከያዙት ሴቶች አንዷ ተነስታ አመጣችላት፤ ስትመለስ ነጠላዋን አቃንታ ለብሳ ነበር።